የሰባተኛ ክፍል ዴስኮች

ያን ሐሙስ ትምህርት ካለቀ በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተሰበሰብነው ርዕሰ መምህርቷ፣ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት፣ ዓይነ ስውሩ የታሪክ መምህር፣ እናቴ፣ እህቴና እኔ ነበርን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ነበረ፤ ነገር ግን ሻይ ለማፍላት ገባ ወጣ ሲል ስለነበር ወሬውን የሰማው ግማሽ ግማሹን ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ሁላችንም ደክሞን ነበር። መምህራኑ ሲያስተምሩ ውለዋል፣ እናቴ ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ውላለች፣ እኔ ደግሞ ዳቦ ቤት ሊጥ ሳቦካ ነው ያደርኩት። ያልደከማት እህቴ ብቻ ነበረች።

ማረፊያ ክፍሉ ታች ነው። በሩ ላይ ግን ከፍ ያለ ደፍ አለው። የእህቴን ዊልቸር ወደ ኋላ ጋደል አድርጌ፣ የፊት ጎማዎቹን ደፉ ላይ አሳርፌ፣ በጉልበቴ ገፋ አድርጌ አስገባኋት። ወገቤን ቆረጠኝ። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ሰው በተሰበሰበበት ከመናገር ወገቤ ቢቆረጥ ይቀለኛል።

ርዕሰ መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና መልሳ አጠለቀችው።

«የጠራኋችሁ ለደስታ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለቀብር የጠራችን ያስመስል ነበር። «በሚቀጥለው ዓርብ ትምህርት ቤታችን የአካል ጉዳተኞችን የኩራት ቀን ያከብራል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። መድረክ ላይ ወጥታ የምትናገረው ደግሞ ልጅዎ ናት።»

«እሰይ! እርስዎ ካሉ ይሁና» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ እያደረገች።

«እሺ፣ እናገራለሁ» አለች እህቴ። «ግን ክፍላችን ታች ይውረድልን።»

ነገሩ ይህ ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ፎቅ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ እንጂ ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ በየጠዋቱ ከዳቦ ቤት ስወጣ ዱቄቴን እንኳን ሳላራግፍ ወደ ትምህርት ቤቱ እመጣለሁ። ዊልቸሯን ደረጃው ሥር እተዋለሁ፣ እህቴን አዝዬ እወጣለሁ፣ ዴስኳ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ተመልሼ ዊልቸሩን አጥፌ አወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ወደ ታች። እኔ ራሴ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ የታቹን ክፍሎች ጨርሼ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ተማሪ ሆኜ ያልወጣሁትን ፎቅ እህቴን አዝዬ ወጣሁት ማለት ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለች ታች ስለነበሩ ችግር አልነበረም። ዘንድሮ ግን ልጅቷም ወፍራለች፣ የኔም ወገብ የቀድሞው አይደለም። ሐኪሙ ጀርባዬን ነካክቶ «ከባድ ነገር ማንሳት ይቅርብህ» ብሎኛል። እናቴ እንደ ገበያ ተከራክራ «እስከ መንፈቅ ዓመቱ ድረስ ብቻ ዶክተር» ብላ አስጨመረችልኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ካልወረደ እህቴ ቤት ትቀመጣለች። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

«ታች እኮ ቦታ የለም» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «ትንንሾቹ አሉ። ቤተ ሙከራው አለ። የኔ ቢሮ አለ።»

«ይኸኛውስ?» አለች እህቴ።

ሁላችንም ክፍሉን ማየት ጀመርን። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ያረጁ ሶፋዎች፣ በመሀል ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆዎች። አንደኛው ሶፋ ላይ ደብተር ሲያርም እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስል አንድ ትራስ ተጋድሟል።

«ይሄማ የመምህራን ማረፊያ ነው» አለች የክፍል ኃላፊዋ፣ አንድ ሰው ልጇን ሊወስድባት የመጣ ይመስል። «ከክፍል ወጥተን ቁጭ የምንልባት ይቺው ናት። እኛስ ሰው አይደለንም?»

«ለእኔ ላይም ታችም አንድ ነው» አለ የታሪክ መምህሩ፣ በትሩን ጉልበቱ መሀል እንዳደረገ። «እኔን የሚገድለኝ ኮሪደር ላይ የሚቆመው ብስክሌት ነው።»

«አንስቼዋለሁ ቲቸር!» አለ ዘበኛው ከበሩ።

«ወዴት?»

«ወደ ማዶ ግድግዳ።»

«በማዶም እሄዳለሁ እኮ ጋሼ!»

እህቴ ሳቀች። ርዕሰ መምህርቷም ልትስቅ ነበር፤ አቅም አጣች።

«አየሽ የኔ ልጅ» አለች፣ «ሁሉም ነገር በአንድ ጀምበር አይሆንም። ደረጃ በደረጃ ነው የምንሄደው።»

«ዳይሬክተር፣ የኔ ችግር እሱ አይደል እንዴ?»

የታሪክ መምህሩ በረጅሙ ሳቀ። እናቴ ደነገጠችና የእህቴን ክንድ ቆንጠጥ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉላት፣ አፏ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የሱም ወገብ ታሟል» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጆሮዬ ጋለ። የጫማዬን ማሰሪያ ማየት ጀመርኩ።

«ለምን ከክፍሏ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ተመርጠው በተራ አያወጧትም?» አለች የክፍል ኃላፊዋ። ሐሳቡ ጥሩ መስሏት ፊቷ በራ።

«አይሆንም» አለች እህቴ። «ነገ ቀይ ካርድ የማሳየውን ልጅ ዛሬ እዘለኝ ልበለው?»

እህቴን ሰፈር ውስጥም ትምህርት ቤትም በስሟ የሚጠራት የለም። «ዳኛዋ» ነው የምትባለው። ሜዳው ላይ የልጆቹን ጨዋታ የምትዳኘው እሷ ናት፤ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዊልቸሯን በመስመሩ ላይ እያስሮጠች። ወንዶቹ ይነጫነጫሉ፣ ይሰድቧታል፣ መጨረሻ ላይ ግን እሷ ያለችው ይሆናል። የክፍሏ በረኛ፣ ቁመቱ የበር መቃን የሚያክል ልጅ፣ ካርድ በታየበት ቁጥር «ዓይንሽን ተመርመሪ!» እያለ ይጮህባታል። በማግስቱ ግን ሌላ ሰው እንዲዳኝ አይፈልግም።

ርዕሰ መምህርቷ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦ «ዓርብ እንግዶቹ ሲመጡ እኔ ራሴ ስለ ክፍሉ አነሳላቸዋለሁ። እነሱ ከፈቀዱ ይወርዳል። ለመድረኩም የዊልቸር መወጣጫ ራምፕ እናሠራለን። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች እህቴ። የቁንጥጫው ቦታ ቀልቶ ይታይ ነበር።

ራምፑን እንዲሠራ የተጠየቀው የአንድ ተማሪ አባት የሆነ አናጢ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እህቴን ላወርድ ስመጣ ከዘበኛው ጋር አዳራሹ ውስጥ ተንበርክከው አንድ ቀይ ምንጣፍ ሲለኩ አገኘኋቸው። ምንጣፉ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚዘረጋ ነው፤ ጫፉ ላይ የሲጋራ ቃጠሎ አለው። እህቴን ዊልቸሯ ላይ አስቀምጬ አስጠጋኋት።

«ምንጣፉን ለምን ትለካዋለህ ጋሼ?» አለችው።

«ዳይሬክተሯ ጣውላው ባዶውን እንዳይታይ ብላለች» አለ አናጢው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ። «ምንጣፉ ካጠረ ታች እንጨቱ ይታያል። ስለዚህ ጣውላውን በምንጣፉ ልክ ቆረጥኩት። ልክክ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ አንድ ጣት አይተርፍ።»

እህቴ መድረኩን አየችው። መድረኩ እኔን ወገቤ ጋ ይደርሳል። ቀጥላ ጣውላውን አየችው።

«ቀጥ ያለ ሆነ እኮ። ይሄ መወጣጫ ነው መንሸራተቻ?»

አናጢው ጣውላውን አየ፤ መድረኩን አየ፤ ምንጣፉን አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ።

«ረዘም ያለ ጣውላ እኮ ነበረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ተቆረጠ።»

«ወንድሟ ይገፋታል፤ ምን አለበት» አለ ዘበኛው። «እስቲ ተመልከተው፣ ትከሻው በር ይሰብራል።»

ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ ሳገላብጥ የማስበው ግን ያን ጣውላ ነበር።

ሐሙስ ማታ እህቴ የክፍል ኃላፊዋ ያዘጋጀችላትን ንግግር ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትሰማለች።

«"ጉዳቴ ከምንም ነገር አላገደኝም"» ብላ አነበበች እህቴ፤ ከዚያም ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣለችው። «ውሸት ነው።»

«ምኑ ውሸት ነው? ጥሩ ነው እንጂ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ እኔን ያገደኝ ጉዳቴ አይደለም፣ ደረጃው ነው። ጉዳቴ ምን አደረገኝ? አብሮኝ ተወልዶ አብሮኝ አደገ። እንደዚህ እንደ ወንድሜ ዓይን አፋርነት ማለት ነው። ለሱስ ማን ራምፕ ሠራለት?»

«ተይኝ እኔን» አልኳት።

«ይኸው! ተናገረ!» አለችና እጇን አጨበጨበች። እናቴ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ማዛጋት ተለወጠ።

በትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ አለ። አዳራሹ ወንበር የለውም። ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዴስኮች ተሸክሞ ያወርዳል፣ በዓሉ ሲያልቅ የራሱን ተሸክሞ ያወጣል። አንዱ ክፍል የሌላውን ዴስክ አይነካም፤ ከነካ ይሰበራል፣ ከተሰበረ ጠብ ነው። ዓርብ ጠዋት ደረጃው በዴስክ ተጨናንቆ ነበር። ብረቱ ሲጋጭ፣ ልጆቹ «ቀስ! ጣቴን!» ሲሉ፣ እኔ ከግድግዳው ተጣብቄ እህቴን እንዳዘልኩ አሳለፍኳቸው። ለካ የዚያን ቀን ማውጣት አልነበረብኝም፤ ትምህርት የለም። ልምድ ሆኖብኝ አወጣኋት፣ ባዶ ክፍል ስናገኝ ተያይተን ሳቅን፣ መልሼ አወረድኳት።

አዳራሹ ሞላ። ከመድረኩ በላይ «በራሳችን እንኮራለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ዋናው ሰውዬ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ከሌላ ስብሰባ የመጣና ወደ ሌላ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ነበር። መዝሙር ተዘመረ። ርዕሰ መምህርቷ ተናገረች። ሰውዬው ተናገረ። ከዚያ የእህቴ ተራ ደረሰ።

ዊልቸሯን ወደ ራምፑ ገፋሁ። መጀመሪያ ላይ ሄደ። መሀል ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ ብድግ አሉ። ምንጣፉ ደግሞ በጣውላው ላይ አልተቸነከረም ነበር፤ አናጢውን የሚስማሩ ቀዳዳ ይታያል ብለው ከልክለውት ነው። ምንጣፉ ከእግሬ ሥር ተሰበሰበ። ተንሸራተትኩ። ዊልቸሩ ከነእህቴ ወደ እኔ መጣ፣ በደረቴ ያዝኩት፣ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አዳራሹ «ኧረ!» አለ።

እህቴ አልወደቀችም። ቀስ እያልን ወደ ታች ተመለስን።

«ደህና ነህ?» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«ደህና ነኝ።»

«ውሸታም።»

የክፍል ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች። «ተሸክመን እናውጣሽ፤ አራት ሰው ይበቃል፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው» አለቻት።

እህቴ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከታ ነፋችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኋላ የተቀመጡት የክፍሏ ወንዶች ከልማዳቸው የተነሣ እጃቸውን አነሡ።

«ማይኩ ይውረድልኝ» አለች።

ማይኩ ወረደ። ከኋላ ያሉት አያዩዋትም ነበርና ዴስክ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን አልከፈተችም።

«እኔ ዳኛ ነኝ» አለች። «በዳኝነቴ እኮራለሁ። በዊልቸሬም እኮራለሁ፣ ከበረኛችን ይፈጥናል።» ሳቅ ሆነ። «ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና "ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" ይለኛል። ምንም አልሆንኩም። እንዲህ ነኝ። ዳኛ የሆንኩት ሜዳው ሜዳ ስለሆነ ነው። ሜዳው ፎቅ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔ ተመልካች ነበርኩ። ክፍሌ ግን ፎቅ ላይ ነው። እስከ መንፈቅ ዓመቱ ወንድሜ ያወጣኛል። ከዚያ በኋላ የሚያወጣኝ የለም። ክፍላችን ይውረድልን። ሌላ የምለው የለኝም። አመሰግናለሁ።»

በጣም ተጨበጨበ። ሰውዬው መጥቶ ጭንቅላቷን ደባበሰ፣ ፎቶ ተነሣ፣ «ለሁላችንም ትልቅ ትምህርት ነሽ» አላት። ርዕሰ መምህርቷ፣ ቃሏን ጠብቃ፣ አጠገቡ ቆማ ስለ ክፍሉ አነሣች። ሰምቻለሁ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ሰዓቱን እያየ። «በጥናት ይታያል።»

መኪናው ሲወጣ ርዕሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ዞራ አየችኝ። «ሰማህ አይደል?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። ሁለታችንም ቁጭ የምንልበት ቦታ ብናገኝ እንወድ ነበር።

ሌሎቹ ክፍሎች ዴስካቸውን ያንኑ ቀን አወጡ። የሰባተኛ ክፍል ተራ ሲደርስ ዝናብ ጣለ፣ ልጆቹም ሸሽተው ሄዱ፣ «ሰኞ ይወጣል» ተባለ። ቅዳሜና እሑድ በሆዴ ተኝቼ አሳለፍኩ። እናቴ ቅባት ስታሸኝ፣ «ሰኞ አትሄድም» አለች። «ማን ያወጣታል?» አልኳት። ማሸቱን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ስንደርስ ዘበኛው የሰባተኛ ክፍልን ዴስኮች ከአዳራሹ አስወጥቶ ከመምህራን ማረፊያው ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ደርድሯቸው ነበር፤ አዳራሹ ለስፖርት ይፈለጋል። የክፍሉ ልጆች ዴስኮቹ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልጀመረም።

«በሉ እንጂ!» አለች ርዕሰ መምህርቷ ከቢሮዋ ወጥታ። «ደወል ተደውሏል። የራሳችሁን ዴስክ ሌላ ሰው አያወጣላችሁም።»

አንድ ሁለቱ ተነሡ። በረኛው ግን እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ዳኛዋ ካልወጣች የኔ ዴስክ አይወጣም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዴስኩን ከማወጣ እዚሁ ብማር ይሻለኛል። ከበደኝ፣ ዳይሬክተር። እሷን ማውጣት ደግሞ ከዴስክ ይከብዳል፤ ወንድምየውን እዩት እስቲ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚራመደው።»

የተነሡት ተመልሰው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«እባክህ ወንድሜ» አለችኝ፣ «ለዛሬ ብቻ አውጣት። እሷ ከወጣች ሁሉም ይወጣሉ። ከዚያ የሆነ ነገር እናስብበታለን።»

ሁሉም አዩኝ። አርባ ያህል ልጅ፣ ዘበኛው፣ ከማረፊያው በር የሻይ ብርጭቆ ይዘው ብቅ ያሉት መምህራን። ጆሮዬ እንደ ዳቦ ምድጃ ጋለ። «እሺ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው ነው የሚያድረው። ጎንበስ ብዬ እህቴን ለማዘል ሞከርኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ግን አልተደገፈችብኝም።

ቀና አልኩ።

«አልችልም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አልችልም። ዛሬም አልችልም፣ ነገም አልችልም። ወገቤ የለም።»

እህቴ እጇን ከትከሻዬ ላይ አወረደችና ጭኗ ላይ አደረገችው። ርዕሰ መምህርቷ በአጠገቧ ባለው ባዶ ዴስክ ላይ ቁጭ አለች። ዴስኩ የልጅ ስለሆነ ጉልበቷ ወደ ላይ ቀረ።

«እኔስ እችላለሁ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

በዚህ መሀል የታሪክ መምህሩ ከኮሪደሩ ጫፍ በበትሩ እየመታ መጣ። በትሩ ከመጀመሪያው ዴስክ ጋር ተጋጨ። ወደ ጎን አለ፣ ከሁለተኛው ጋር ተጋጨ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «ብስክሌቱ ወለደ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ርዕሰ መምህርቷ እንኳ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ሰባተኛ ክፍል ነን ቲቸር» አለች እህቴ።

«እንዴ፣ እዚህ ናችሁ? እኔ እኮ ወደ እናንተ ልወጣ ነበር። ዳኛዋም አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው ሁሉም ሰው ካለ ፎቅ ላይ ምን አደርጋለሁ?» አለና ደብተሩን ከብብቱ አወጣ፤ ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነፋሱን ሰማ። «እዚህ ግን ይበርዳል። ግቡ ወደ ውስጥ።»

«የት ውስጥ?» አለ ከመምህራኑ አንዱ የሆነው የሒሳብ መምህር፣ ከነብርጭቆው በሩ ላይ እንደቆመ። «እኛስ የት ልንሄድ ነው?»

«ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል አለላችሁ» አለ የታሪክ መምህሩ። «እይታው ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔ እንኳ አላውቅም።»

የሒሳብ መምህሩ ወደ ርዕሰ መምህርቷ አየ። ከዴስኩ አልተነሣችም።

«እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነው» አለች። ያን ጊዜም ቢሆን ዴስኮቹን ወደ ላይ የሚያወጣቸው እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ ሁላችንም እናውቃለን።

በረኛው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። ያን ከባድ ያለውን ዴስክ ብቻውን አንጠልጥሎ ገባ። ሶፋዎቹ ወደ ጥግ ተገፉ። ዘበኛው ደግሞ ወደ አዳራሹ ሄዶ ቆየ፤ ሲመለስ የመድረኩን ራምፕ፣ ያለ ምንጣፍ፣ ባዶ ጣውላውን እየጎተተ ነበር። ደፉ ላይ አጋደመው። ለመድረኩ ያጠረው ጣውላ ለደፉ ረዝሞ እስከ ኮሪደሩ መሀል ደረሰ።

ልገፋት እጄን ወደ ዊልቸሩ ሰደድኩ።

«ተው» አለችኝ እህቴ።

ጎማውን በእጇ ይዛ ገፋችው። ጣውላው ከሥሯ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ወጣች፣ ደፉን አለፈች፣ ገባች።

«ዳኛዋ፣ ዓይንሽን ተመርመሪ፣ ሶፋው ጋ ልትገጪ ነው!» አለ በረኛው ከውስጥ።

«ዝም በል፣ ካርድ አለብህ» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የታሪኩን ትምህርት ጥቂት ሰማሁ። ከዚያ ርዕሰ መምህርቷ ከዴስኩ እንድትነሣ እጄን ሰጠኋት። ዴስኩን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል፣ ሁለታችንም ወገባችንን እየያዝን።

ሶፋዎቹና የሻይ ማፍያው በማግስቱ ወደ ፎቅ ወጡ፤ ያወጧቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እህቴ ብቻዋን ትምህርት ቤት ገባች። እኔ ከዳቦ ቤት ወጥቼ ወደ ቤት ሄድኩና ተኛሁ።